ሽታና በሽታ

ኅዳር 12 ቀን ማለዳ ከእንጦጦ ወገብ ላይ ቆሞ አዲስ አበባን ቁልቁል የሚመለከት ሰው ጢሱን እንጂ ከተማይቱን አያይም። ከየአጥሩ ሥር፣ ከየቦዩ ዳር፣ ከየመንደሩ ሜዳ የተከመረው ጥራጊ ይነድዳል፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል ይንጣጣል፤ ልጆች በእሳቱ ዙሪያ ይሯሯጣሉ። «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ልማድ ይህ ነው። በልጅነቴ ይህን ማለዳ ከብዙ ዓመት በዓል አስበልጬ እወደው ነበር። አያቴ ግን ክምሩን በገዛ እጇ ትለኩስና ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ፣ እሳቱ እስኪከስም ቃል ሳትተነፍስ ትቆም ነበር። የሚያስለቅሳት ጢሱ ይመስለኝ ነበር።

ኋላ እንደነገረችኝ እናቷ የሞተችው በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ነው። አያቴ ያን ጊዜ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ስለዚህ የምታውቀው የነገሯትን ብቻ ነበር። የነገሯትም ይህን ነው፦ የእናቷ አስከሬን በወጉ ሳይገነዝ፣ ፍትሐት ሳይደርስለት፣ በሰሌን ተጠቅልሎ ማንነታቸው ካልታወቀ ሌሎች ሙታን ጋር በአንድ ጉድጓድ ገባ። ጉድጓዱ የት እንደነበረ የሚያውቅ አልተገኘም። አድጋ፣ ነፍስ ዐውቃ «ምነው እንዲያ ተቻኮላችሁ?» ብላ ስትጠይቅ አክስቷ የመለሱላት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ሽታው ሊፈጀን ነበር፤ ልጄ።»

ይህች ዓረፍተ ነገር ከአያቴ ወደ እኔ ተላልፋ ብዙ ዓመት አብራኝ ኖራለች። ለመሆኑ የሬሳ ሽታ ሰው ይፈጃል? ያነበብሁትን ሁሉ ያነበብሁት፣ እውነቱን ልናገርና፣ ለዚህች ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ኅዳር በሽታ ጥቂት ልበል። ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ራስ ተፈሪ መኰንን በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ያ በሽታ በአዲስ አበባ ከተማ ብቻ ከ10,000 በላይ ሰው እንደገደለ፣ እርሳቸውም ክፉኛ ታመው እንደተረፉ አስፍረዋል። በሽታው ያን ዓመት ዓለምን ሁሉ የዞረው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ የሕያዋን በሽታ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በሳል፣ በማስነጠስ፣ በትንፋሽ ነው። ሬሳ አይስልም። አስታማሚው የታመመው በሽተኛው ገና በሕይወት ሳለ፣ ውኃ ሲያጠጣው፣ ግንባሩን ሲዳብሰው ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ያየው ግን ሌላ ቅደም ተከተል ነው፦ ቀባሪ ጠፋና ሬሳ በየቤቱ ቀረ፤ ቀጥሎ ሸተተ፤ ቀጥሎ በዚያው ቤት ሌላ ሰው ሞተ። ያየውን በትክክል አይቷል። የተሳሳተው ገዳዩን ሲሰይም ብቻ ነው። ጢሱም የመጣው ከዚህ ነው፤ ክፉ አየርን በመልካም ጢስ ለማባረር።

በቋንቋችን «ሽታ» እና «በሽታ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። ወደ ሥርወ ቃል ክርክር መግባት አልሻም፤ ጆሮ ግን ሁለቱን አጣምሮ ይሰማቸዋል። ይህ ጥምረት የእኛ ብቻ አልነበረም። የጥንት ግሪኮች «ሚያዝማ» ያሉት፣ ከሚበሰብስ ነገር ተነሥቶ አየሩን የሚመርዝ ክፉ ትነት፣ የአውሮፓን ሐኪሞች እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ገዝቷቸው ነበር። እንግሊዛዊው የንጽሕና አጠባበቅ ተሟጋች ኤድዊን ቻድዊክ እ.ኤ.አ. በ1846 በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ፣ ብርቱ ሽታ ሁሉ ራሱ በሽታ እንደሆነ መሰከረ። ይህ ሰው አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ እንዴት ደስ ባለው!

በፓሪስ መካከል የነበረው የቅዱሳን ሕፃናት መካነ መቃብር ለዘመናት ሙታንን ሲቀበል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1780 ከመቃብሩ ጋር የሚዋሰን የአንድ ቤት ምድር ቤት ግድግዳ በሙታን ክብደት ተደርምሶ ይዘቱ ወደ ውስጥ ፈሰሰ። በዚያው ዓመት መካነ መቃብሩ ተዘጋ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አጽሞቹ እየተቆፈሩ፣ በሌሊት በጋሪ እየተጫኑ ከከተማዋ በታች ወዳሉት አሮጌ የድንጋይ ማውጫ ዋሻዎች ተጋዙ። ለንደንም እንዲሁ በ1858 በጋ የቴምዝ ወንዝ ግማት ፓርላማውን መቀመጫ ቢያሳጣው፣ የታላቁ የፍሳሽ ማስወገጃ ቦይ ገንዘብ በጥድፊያ ተፈቀደ። ቦዩ ኮሌራን ከከተማይቱ ነቀለ። የነቀለው ግን ሽታውን ስላራቀ አይደለም፤ የሚጠጣውን ውኃ ከዓይነ ምድር ስለለየ ነው። ስለዚህ በሽታ ፈሪዎቹን አልስቅባቸውም፤ በተሳሳተ ምክንያት ትክክለኛ ሥራ የሠሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ኅዳር 12 ቀን ግቢያችን ከዓመት ቀናት ሁሉ ይልቅ ንጹሕ እንደነበረም አልክድም።

አሁን ወደ አይጥ ልውሰዳችሁ፤ ነገሩ የተፈታው በእርሷ በኩል ነውና።

የእኛ ቤት አሮጌ የጭቃ ቤት ነበር። ኮርኒሱ አቡጀዴ ስለነበር ሌሊት ሌሊት አይጦች ሲጋልቡበት እግራቸው ይታየን ነበር ማለት ይቻላል። አንዳንዴ አንዷ እዚያው ሞታ ትቀራለች፤ ያን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቱን በዕጣን ብናጥነውም መግቢያ ይጠፋል። አያቴ ግን ስለዚህች የሸተተች አይጥ ብዙም አትጨነቅም ነበር፤ አካፋ አስመጥታ ታስጥላታለች። የሚያስደነግጣት ሌላ ነበር፦ በጠዋት ተነሥታ በወለሉ መካከል ገና ያልደረቀች፣ ለስላሳ፣ ምንም የማትሸት የሞተች አይጥ ስታገኝ። «እንዳትነካት! ቁንጫዋን ታራግፍብሃለች» ትልና ከምድጃው ረመጥ ዝቃ ታፈስባታለች። እኔ ይህን የአሮጊት ወግ አድርጌ ሳስበው ኖሬ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የአንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ታሪክ ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

አይጥና ቸነፈር አብረው መታየታቸው አዲስ ነገር አልነበረም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ፍልስጥኤማውያን ታቦተ ጽዮንን ማርከው መቅሠፍት በወረደባቸው ጊዜ፣ ታቦቷን ሲመልሱ አብረው የላኩት ካሳ በወርቅ የተሠሩ አምስት እባጮችና አምስት አይጦች ነበር። እባጭና አይጥ ጎን ለጎን መቆማቸው ብዙ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎችን አስገርሟል። ሆኖም አይጧ ምን እንደምትሠራ የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ ብዙ ሺህ ዘመን አለፈ።

እ.ኤ.አ. በ1894 ቸነፈር ሆንግ ኮንግ ገባ። አሌክሳንደር የርሲን የተባለው የፓስተር ኢንስቲትዩት ተማሪ ወደ ሆስፒታሉ የሬሳ ክፍል እንዳይገባ ስለተከለከለ የሣር ጎጆ ቀልሶ፣ ሙታኑን እንዲቀብሩ ለታዘዙት መርከበኞች ጥቂት ገንዘብ አስጨብጦ፣ ከሬሳ ሣጥን ውስጥ የአንዱን ሟች የብሽሽት እባጭ ቆርጦ ወሰደ። በአጉሊ መነጽር ሲያየው በተሕዋስያን የተሞላ ነበር። በየመንገዱ ወድቀው ያገኛቸውን አይጦች ሲመረምርም ያንኑ ተሕዋስ አገኘ። ተሕዋሱ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ግን ከአይጧ ወደ ሰው በምን ድልድይ ተሻገረ? አቧራ ነው፣ ምግብ ነው፣ የበሰበሰችው አይጥ ትነት ነው ተባለ። በ1896 በሽታው ቦምቤይ ሲደርስ መንግሥት ቤቶችን በካርቦሊክ አሲድ አጠበ፤ ፀሐይ ይግባ ብሎ ጣራ ነደለ፤ ቦዮችን በባሕር ውኃ አጥለቀለቀ። አበው «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። (ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሃኖይ የፈረንሳይ ቅኝ ገዥዎች ለእያንዳንዱ የአይጥ ጭራ ገንዘብ እንከፍላለን ቢሉ፣ ሕዝቡ ጭራዋን እየቆረጠ አይጧን ይለቅቃት ጀመር፤ ብልሆቹም አይጥ አረቡ። ይህ ለብቻው የሚጻፍ ታሪክ ነው።)

ፖል ሉዊ ሲሞን ወደ ሕንድ የተላከው በ1897 የየርሲን ተተኪ ሆኖ ነው። ያስተዋለውም ይህን ነበር። በአንድ የሱፍ ፋብሪካ ሠራተኞች ጠዋት ሲገቡ ወለሉ በሞቱ አይጦች ተሸፍኖ አገኙት፤ ሃያ ሰዎች እንዲያነሡ ታዘዙ፤ በሦስት ቀን ውስጥ አሥሩ በቸነፈር ተያዙ፤ አይጥ ካልነኩት ሌሎች ሠራተኞች አንድም አልታመመም። እንግዲያው ገዳዩ የሞተ አይጥ መንካት ነው ብሎ መደምደም ይቻል ነበር። ሲሞን ግን አልቸኮለም። ከሞቱ ቆየት ያሉትን፣ የቀዘቀዙትን አይጦች የነኩ ሰዎች ምንም እንደማይሆኑ አየ። የሚሞተው ትኩሱን የነካ ነው! መበስበስ ገዳይ ቢሆን ኖሮ ነገሩ መገልበጥ ነበረበት፤ ይበልጥ የሸተተው ይበልጥ በገደለ ነበር። በበሽተኞች ገላ ላይ ደግሞ ትንሽ ውኃ የቋጠረች ነጥብ አየ፤ የነፍሳት ንክሻ የምትመስል።

በጁን 1898 ካራቺ በሚገኝ አንድ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ሙከራውን አደረገ። ከበሽተኛ ቤት የተያዘች የታመመች አይጥ፣ ከሥሩ አሸዋ በተነጠፈበት ትልቅ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አኖረ፤ ቁንጫ እንዳያንሳት ከአንዲት ድመት ላይ ለቅሞ ጨመረባት። አይጧ ማጣጣር ስትጀምር ጤነኛ አይጥ በትንሽ የሽቦ ቀፎ ውስጥ አድርጎ አስገባ። የሽቦው ቀዳዳ አይጦቹን አያገናኝም፤ ቁንጫ ግን ያሳልፋል። የታመመችው ሞተች። ከቀናት በኋላ ጤነኛዋም ሞተች፤ ገላዋም በየርሲን ተሕዋስ ተሞልቶ ተገኘ። ቁንጫ በሌለበት ይህንኑ ሲደግመው ጤነኛዋ አይጥ ደህና ሆና ኖረች። የሰውን ልጅ ከጥንት ጀምሮ ያሠቃየውን ምሥጢር እንደገለጠ በተረዳ ጊዜ የተሰማውን ስሜት ሲሞን ኋላ ጽፎታል። የዘመኑ ሊቃውንት ግን ዓመታት ሙሉ አጣጣሉበት፤ የተረጋገጠለት ከ1905 በኋላ በሕንድ የተቋቋመው የቸነፈር ምርምር ኮሚሽን ሥራውን ከደገመ በኋላ ነው።

አሠራሩ ቀላልና አስፈሪ ነው። ቁንጫ የምትኖረው በሞቀ ደም ነው። አይጧ ሞታ መቀዝቀዝ ስትጀምር ቁንጫዎቿ ቤት እንደፈረሰበት ሰው ይወጣሉ፤ በአጠገብ ያለውን ሙቀት ይፈልጋሉ። በ1914 ባኮትና ማርቲን የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ተሕዋሱ የቁንጫዋን ጉሮሮ ይዘጋዋል፤ የተራበችው ቁንጫ ደጋግማ ትነክሳለች፤ የዋጠችው ደም ተሕዋሱን ይዞ ወደ ቁስሉ ይመለሳል። ሽታው ሲጀምር እንግዲህ ገዳዩ ከሄደ ቆይቷል። አያቴ በረመጥ የምታቃጥለው አይጧን አልነበረም።

ይህን ስል የሸተተችን አይጥ በባዶ እጅ አንሡ ማለቴ አይደለም። አይጥ ሌላም የምታስተላልፈው አለና። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ጎልማሶችን በድንገት የገደለው የሃንታ ቫይረስ የወጣው ከዱር አይጥ ሽንትና ኩስ ነበር፤ ያ ሲደርቅና ሲጠረግ አቧራው በትንፋሽ ይገባል። ስለዚህ በደረቁ መጥረግ ክፉ ነው፤ በር ከፍቶ ማናፈስ፣ በረኪና በተቀላቀለበት ውኃ ማራስ፣ በጓንት አንሥቶ በፌስታል ላይ ፌስታል ደርቦ መጣል፣ እጅን መታጠብ ይበቃል። አቧራውም ቢሆን የሚገድለው ስለሚሸት አይደለም።

የሰው ሬሳስ? አለ፤ የሚገድልበት ጊዜ አለ። በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም በ1847 ያየውን ማን ይረሳዋል? ሐኪሞቹ ሬሳ ሲከፍቱ አርፍደው በዚያው እጃቸው ወላዶችን ይመረምሩ ነበር። በኤፕሪል ወር በእርሱ ክፍል ከወላዶቹ 18 ከመቶ ያህሉ ሞቱ። የሥራ ባልደረባው ኮሌችካ ሬሳ ሲመረምር ጣቱን በቢላ ተወግቶ እንደነዚያ ሴቶች በሆነ ሕመም ሲሞት፣ ዜመልቫይስ ነገሩ ገባው፤ ሐኪሞቹ ሁሉ እጃቸውን በክሎሪን ኖራ እንዲታጠቡ አዘዘ። በጁን ሞቱ ወደ 2 ከመቶ ግድም ወረደ። የሚያስገርመው ክሎሪኑን የመረጠው የሬሳውን ጠረን ከእጅ ስለሚያጠፋ ነው። አፍንጫው መርቶት ደረሰ፤ መንገዱ ግን እጅ ነበር። በተስቦም እንዲሁ ነው። ሻርል ኒኮል በ1909 በቱኒስ እንዳረጋገጠው ተስቦ የሚተላለፈው በቅማል ነው፤ ቅማልም እንደ ቁንጫዋ ቀዝቃዛ ገላ አትወድም፤ ከሟቹ ወርዳ ወደ ገናዡ ትሄዳለች። በኮሌራ የሞተ ሰው ፈሳሹ ያስፈራል። ኢቦላ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ሟቹን ማጠብና መሳም ብቻ ሞት ነው።

በጎርፍ፣ በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በጦርነት የሞተው ሕዝብ ግን በአብዛኛው ሲሞት በወረርሽኝ አልታመመም ነበር፤ ያልነበረውን በሽታ ከሞተ በኋላ አይፈጥርም። የመበስበስ ተሕዋስያን ሌላ ናቸው፤ የወረርሽኝ ተሕዋስያን ሌላ። አስከሬኑ ወደ ሚጠጣ ውኃ ከገባ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል፤ አንሺዎቹም ጓንት ያስፈልጋቸዋል። ከዚህ አልፎ የሬሳ ሽታ ከተማ አይፈጅም። የዓለም ጤና ድርጅትና ቀይ መስቀል ይህን ደጋግመው ቢናገሩም አደጋ በመጣ ቁጥር የአክስቷ ዓረፍተ ነገር ትመለሳለች። እ.ኤ.አ. በ2004 የሕንድ ውቅያኖስ ማዕበል በአቼ ካለፈ በኋላ፣ በ2010 በሄይቲ፣ ሺዎች ማንነታቸው ሳይመዘገብ በጅምላ ጉድጓድ ገቡ። በሴፕቴምበር 2023 በሊቢያዋ ደርና ግድቦች ፈርሰው የከተማይቱ ሩብ ያህል ሲጠረግ፣ ከሺህ በላይ ሰው በጅምላ ከተቀበረ በኋላ እነዚሁ ድርጅቶች «አትቸኩሉ፤ ስም መዝግቡ፤ ቦታውን ምልክት አድርጉበት» ብለው ተማጸኑ።

በእውነት በሚያስፈራው በኢቦላ ጊዜ እንኳ ያየነው አስተማሪ ነው። በ2014 በምዕራብ አፍሪካ ነጭ ልብስ የለበሱ ባዕዳን ሟቹን በፕላስቲክ ጠቅልለው ያለ ጸሎት ሲወስዱት፣ ቤተሰብ ሬሳ መደበቅና በሌሊት መቅበር ጀመረ፤ በሽታውም በዚያው ተስፋፋ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው የአቀባበር መመሪያ ቤተሰብ ከሩቅ ቆሞ እንዲያይ፣ የሃይማኖት አባት እንዲጸልይ፣ ስም በመቃብሩ ላይ እንዲጻፍ አዘዘ። ከሬሳው ሳይደርሱ ማልቀስ ይቻል ነበር ማለት ነው።

በ1911 ዓ.ም. ይቻል ነበር ወይ? የአያቴን አክስት ልከሳቸው ስሞክር ልቤ እምቢ ይለኛል። ቆፋሪው ራሱ ትኩሳት ይዞት ነበር፤ ቄሱ ታሞ ተኝቷል፤ ጅቡ በቀትር እየገባ ነበር ይባላል። እኒያ ሴት የሦስት ዓመት ሕፃን ታቅፈው፣ ያንን ሽታ እየሸተቱ፣ ሌላ ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር? አንዲት ነገር ግን ይቻል ነበር እላለሁ፤ በጉድጓዱ ራስጌ አንድ ድንጋይ ማቆም።

አያቴ ያረፈችው በሰኔ ዝናብ ነው። ከሩቅ አገር የሚመጣ ልጇን ለመጠበቅ አስከሬኗን አንድ ሌሊት በቤት አሳደርነው። ከለቅሶ ደራሾች አንዷ ጎረቤት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ኧረ እንዳይሸት፤ ለሕፃናቱም ጥሩ አይደለም» አሉኝ። ዕጣን ጨመርሁበት፤ አልመለስሁላቸውም። ሌሊቱን ካህናቱ ዳዊት ሲደግሙ አደሩ፤ እኛም በየተራ ከራስጌዋ ተቀመጥን፤ ልጇም በማግሥቱ ከቀትር በፊት ደረሰና ፊቷን አየ። ለአርባዋ የመቃብር ድንጋይ ስናሠራ ጠራቢው በሰጠነው ወረቀት ላይ ሁለት ስም አይቶ «ሁለተኛዋም እዚሁ ነው ያረፉት?» ብሎ ጠየቀ። አይደለም፣ እናቷ ናቸው፣ ጻፈው አልነው።